ዐለትና ውሃ በላስታ

በዐሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ፣ አንዱ ስለ ሌላው ምንም ሳያውቁ፣ ሁለት ነገሥታት በሁለት የዓለም ማዕዘናት በድንጋይ ሥራ ተጠምደው ነበር። አንደኛው በሩቅ ምሥራቅ፣ ዛሬ ካምቦዲያ በምትባለው አገር የነገሠው የክመሮች ንጉሥ ሰባተኛው ጃያቫርማን ነው። ሁለተኛው በላስታ ተራሮች፣ ሮሃ በተባለችው ስፍራ የነገሠው የዛጔ ንጉሥ ላሊበላ ነው። ጃያቫርማን ዙፋን ላይ የወጣው በ1181 ሲሆን ላሊበላም በዚያው ዓመት እንደ ነገሠ በልማድ ይነገራል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ማስታወስ ያስፈልጋል። የሁለቱም ነገሥታት ሥራ ከስምንት መቶ ዓመት በኋላ ቆሞ ይታያል፤ የሁለቱንም ሥራ ለማየት የሚጓዝ ሰው ለአንድ ቀን ሳይሆን ለብዙ ቀናት ስንቁን መቋጠር ይገባዋል።

የክመሮች ከተማ አንግኮር ትባላለች። ከቤተ መቅደሶቿ ሁሉ የሚበልጠውን አንግኮር ዋትን ያሠራው ዳግማዊ ሱርያቫርማን የተባለ ንጉሥ ሲሆን ዘመኑም የዐሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ነበር። ሰባተኛው ጃያቫርማን ከእርሱ በኋላ ተነሥቶ በ1186 ለእናቱ መታሰቢያ ታ ፕሮምን፣ በ1191 ለአባቱ መታሰቢያ ፕሬያ ካንን አሠራ፤ ግዙፍ የሰው ፊቶች ከማማዎቹ ላይ ሆነው ወደ አራቱም አቅጣጫ የሚመለከቱበትን ባዮንን ያቆመውም እርሱ ነው። ድንጋዩ የተፈለጠው ኩሌን ከተባለው ተራራ ግርጌ ነበር። ወደ ሥራው ቦታም የመጣው በቦይና በወንዝ ነው። ክመሮች ከድንጋዩ ባላነሰ የደከሙት በውሃው ነበር፤ ምዕራባዊ ባራይ የተባለው የውሃ ማጠራቀሚያቸው ብቻ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። የዛሬው የአንግኮር አስተዳደር ለእንግዶች የአንድ፣ የሦስትና የሰባት ቀን የመግቢያ ትኬት የሚሸጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ማማውንና ግድግዳውን ያየ ሰው፣ ድንጋዩና ውሃው የመጡበትን የኩሌንን ተራራ፣ ዐሣውና ሩዙ የተገኘበትንም የቶንሌ ሳፕን ሐይቅ ገና አላየምና። ይህ ሐይቅ በክረምት የሚሞላው፣ በበጋ ከእርሱ የሚወጣው ወንዝ አቅጣጫውን ለውጦ ወደ ኋላ ስለሚፈስ ነው።

የላስታው ሥራ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ክመሮች ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረቡ ወደ ላይ ሠሩ፤ የላስታ ጠራቢዎች ግን ከመሬቱ ገጽ ተነሥተው ወደ ታች ወረዱ። በመጀመሪያ በዐለቱ ዙሪያ ጥልቅ ቦይ ይቆፈራል፤ በዚህም መካከሉ ላይ አንድ ወጥ የሆነ የድንጋይ ጉማጅ ተለይቶ ይቀራል። ከዚያም ጉማጁ ከጣሪያው ጀምሮ እየተጠረበ፣ መስኮቱና በሩ እየተከፈተ፣ ሆዱም እየተፈለፈለ ቤት ይሆናል። ዓምዱ፣ ቅስቱና ጣሪያው ከሌላ ቦታ መጥተው አልተገጠሙም፤ ጠራቢው ሳይነካቸው የተዋቸው የዐለቱ ክፍሎች ናቸው። በሕንጻ ሥራ የተሳሳተ ግንበኛ ድንጋዩን አንሥቶ ሌላ ይተካል። በዚህ ሥራ ግን መሮው አንድ ጊዜ ያለ ቦታው ካረፈ የተሰበረውን የሚመልስ የለም። ዐለቱ ከእሳተ ገሞራ የተገኘና ቀላ ያለ ሲሆን፣ ለመጥረብ የማያስቸግር መሆኑ ለጠራቢዎቹ ምቹ ሆኗል። ይኸው ልስላሴው ዛሬ የጭንቀት ምንጭ መሆኑን ወደ ኋላ እንመለከታለን።

ብዙ ጎብኚዎች ወደ ላሊበላ የሚመጡት በአውሮፕላን ነው፤ ጧት ገብተው በማግሥቱ ይመለሳሉ። እንዲህ ያለው ጉብኝት ዐይንን ያስደንቃል እንጂ ብዙ አያስተምርም። ዐሥራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ በዙሪያቸው ያሉትን የዋሻ አብያተ ክርስቲያናትና ከበላያቸው የቆመውን የአቡነ ዮሴፍን ተራራ አያይዞ ለማየት አምስት ወይም ስድስት ቀን ያስፈልጋል። ከሁሉ አስቀድሞም አስጎብኚ ያስፈልጋል። የላሊበላ አስጎብኚዎች አብዛኞቹ የዚያው አካባቢ ተወላጆች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ወይም ዲያቆን የነበሩ አይታጡም። በዚህም ምክንያት የመስኮቱን ቅርጽ ብቻ ሳይሆን በመስኮቱ አጠገብ ቆሞ የሚዘመረውን ዜማ ያውቃሉ። አስጎብኚው ለእንግዳው ሁለት ዓይነት ነገር ይነግረዋል። አንደኛው በአገሩ ሰው ዘንድ የሚታመነው ነው፤ ይኸውም ቀን ሰዎች የጠረቡትን መላእክት ሌሊት እየቀጠሉ ሥራው እንደ ተፈጸመ የሚናገረው ትውፊት ነው። ሁለተኛው ተመራማሪዎች የሚሉት ነው። ለምሳሌ ዴቪድ ፊሊፕሰን የተባሉት የጥንታዊ ቅርሶች ሊቅ፣ ሥራው ሁሉ በአንድ ንጉሥ ዘመን እንዳልተሠራና የአንዳንዱ ክፍል ዕድሜ ከላሊበላ በብዙ መቶ ዓመታት እንደሚቀድም ያስረዳሉ። ብልህ አስጎብኚ ሁለቱን አያጣላም፤ ይህ የእምነት ቃል ነው፣ ያ የምርምር ቃል ነው ብሎ እንግዳው ራሱ እንዲመዝን ይተወዋል።

የመጀመሪያው ቀን ጉብኝት ከዮርዳኖስ ወንዝ በስተሰሜን ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ይጀምራል። ዮርዳኖስ በከተማይቱ መካከል የሚያልፍ፣ በበጋ የሚደርቅ ፈፋ ነው፤ ስሙም እንደ ጎልጎታና እንደ ቤተ ልሔም ከኢየሩሳሌም አካባቢ የተወሰደ ነው። በዚህ በኩል የሚገኘው ቤተ መድኃኔ ዓለም ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ ርዝመቱ ሠላሳ ሦስት ሜትር፣ ስፋቱ ሃያ ሦስት ሜትር፣ ቁመቱም ዐሥራ አንድ ሜትር ያህል ይሆናል። በውስጡ የሚገኘው አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል በ1997 ተሰርቆ ወደ ውጭ አገር ተሻግሮ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተገኝቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ካህኑ መስቀሉን ለእንግዶች ሲያሳዩ የአካባቢው ምእመናን ቀረብ ብለው ይሳለሙታል። ለእንግዳው የጥንት ሥራ ነው፤ ለእነርሱ ግን ሲጠፋ ያለቀሱለት፣ ሲመለስ እልል ያሉለት መስቀላቸው ነው።

ከመድኃኔ ዓለም በጠባብ መተላለፊያ ወደ ቤተ ማርያም ይገባል። በስፋት ታናሽ ብትሆንም በውስጧ ያለው የቀለም ጌጥ ብዙ ነው። በመካከሏ በጨርቅ የተሸፈነ አንድ ዓምድ አለ። በትውፊት ዓምደ ብርሃን ይባላል፤ ካህናቱም ሽፋኑን አይገልጡትም። በቅጽሯ ውስጥ ከዐለት የተቆፈረ ኩሬ ይገኛል፤ ልጅ የሚመኙ ሴቶች በገና በዓል ወደዚህ ውሃ ይወርዳሉ። ገና በላሊበላ የጌታ ልደት ብቻ አይደለም፤ ንጉሡ ራሱ የተወለደው በታኅሣሥ 29 ነው ስለሚባል በዓሉ ድርብ ነው። ካህናቱ በቤተ ማርያም ቅጽር አፋፍ ላይና ከታች በጉድጓዱ ውስጥ በሁለት ረድፍ ተሰልፈው፣ ነጫጭ ለብሰው፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ቤዛ ኩሉን ያሸበሽባሉ። ከሩቅ አውራጃ በእግራቸው ተጉዘው የመጡ ምእመናንም በየኮረብታው ላይ ድንኳን ተክለው ወይም ጋቢ ለብሰው ያድራሉ። በዚህ ጊዜ የሚመጣ የውጭ አገር እንግዳ ማረፊያ ለማግኘት ይቸገር ይሆናል እንጂ መምጣቱን አይጸጸትም።

በቤተ ማርያም ቅጽር ግድግዳ ውስጥ ቤተ መስቀልና ቤተ ደናግል ተፈልፍለዋል። ከእነዚህ ቀጥሎ ያለው ቤተ ጎልጎታ በግድግዳው ላይ በቁመታቸው በተቀረጹት የቅዱሳን ምስሎች የታወቀ ነው፤ የንጉሥ ላሊበላ መቃብርም በዚያ እንደሚገኝ ይነገራል። ወደ ጎልጎታ ሴቶች አይገቡም። ጠንቃቃ አስጎብኚ ይህንን በር ላይ ሳይደርስ አስቀድሞ ይናገራል፤ በር ላይ ደርሶ መከልከል እንግዳውንም ካህኑንም ያሳፍራልና። ጫማ ማውለቅም ሌላው ሥርዓት ነው። በየደጃፉ ጫማ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ በዚህም ሥራ የዕለት እንጀራቸውን ያገኛሉ። ምንጣፉ ላይ ቁንጫ ስለማይጠፋ ወፍራም ካልሲ ማድረግ ይበጃል።

በማግሥቱ የሚታዩት ከዮርዳኖስ ማዶ ያሉት ቤተ አማኑኤል፣ ቤተ መርቆሬዎስ፣ ቤተ አባ ሊባኖስ፣ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና ቤተ ልሔም ናቸው። ከእነዚህ መካከል ቤተ አማኑኤልን ረጋ ብሎ መመልከት ይገባል። ግድግዳው ተራ በተራ ገባ ወጣ እያለ የተጠረበው፣ አክሱማውያን በእንጨትና በድንጋይ እያፈራረቁ ይሠሩት የነበረውን ቤት ለመምሰል ነው። ዐለት ጠራቢው እንጨት አልነበረውም፤ አያስፈልገውምም ነበር። ሆኖም ቤት ማለት እንዲህ ያለ ነው ብሎ ከአባቶቹ የተማረውን መልክ በድንጋይ ላይ ደገመው። ቤተ አባ ሊባኖስ ደግሞ ጎኖቹ ከዐለቱ ተላቅቀው ጣሪያው ብቻ ከላይ ካለው ዐለት ጋር እንደ ተያያዘ የቀረ ነው፤ የንጉሡ ሚስት መስቀል ክብራ በመላእክት ረዳትነት በአንድ ሌሊት እንዳሠራችው ይነገራል። በእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት መካከል የሲኦል ምሳሌ የተባለ ድቅድቅ ጨለማ መተላለፊያ አለ፤ ሰው በአንድ እጁ ግድግዳውን እየዳበሰ ያልፈዋል።

ቤተ ጊዮርጊስ ከሁለቱም ወገን ተለይቶ ብቻውን ይገኛል። ወደ እርሱ የሚሄድ ሰው ከላይ ሜዳ ዐለት ብቻ ያያል፤ ጥቂት ሲራመድ ዐለቱ ከእግሩ ሥር ተከፍቶ ዐሥራ ሁለት ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ውስጥ የቆመ የመስቀል ቅርጽ ያለው ቤት ብቅ ይላል። በጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹ መስቀሎች አሉ። ሁሉም የሚያደንቀው ይህንኑ ነው። አስጎብኚው ግን እንግዳው ዐይኑን ከመስቀሉ አንሥቶ ወደ ጣሪያው ጠርዝ እንዲመለከት ያደርገዋል። በጠርዙ ላይ የዝናብ ውሃ ከግድግዳው አርቀው የሚያፈስሱ አሸንዳዎች ከዐለቱ ጋር አብረው ተጠርበዋል። ከዚያም ወደ ታች ቢመለከት ጉድጓዱ ውሃ እንዳያቁር መውጫ እንደ ተበጀለት ያያል። ይህን አንድ ጊዜ ያስተዋለ ሰው ትናንት ወዳየው ሁሉ በሐሳቡ ይመለሳል። በሁሉም ዘንድ የተዳፋ ወለል፣ ቦይ፣ ኩሬና ጉድጓድ ነበር። ክረምት በሚበረታበት ደጋ አገር ወደ መሬት ውስጥ ቤት የሚቆፍር ሰው መጀመሪያ ድል ማድረግ ያለበት ውሃን ነው። ጠራቢዎቹ ይህን ባያውቁ ኖሮ ቤታቸው በመጀመሪያው ሐምሌ ኩሬ ሆኖ በቀረ ነበር።

ዛሬ አብያተ ክርስቲያናቱን የሚያሠጋው ይኸው ውሃ ነው። ዝናቡ በዐለቱ ስንጥቅ እየገባ ያላላዋል፤ ፀሐይ መልሳ ታደርቀዋለች፤ እንዲህ ሲፈራረቅበት ገጹ ይፈረፈራል፣ ስንጥቁም ይሰፋል። የድንጋይ ሽበትም በላዩ ይበቅላል። በ1960ዎቹ ሳንድሮ አንጀሊኒ በተባሉ ጣሊያናዊ ባለሙያ መሪነት ትልቅ የጥገና ሥራ ተካሂዶ ቀድሞ በጣሪያዎቹ ላይ ተቀብቶ የነበረው ጎጂ ልባስ ተነሥቷል። በ1978 ላሊበላ፣ ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጋር፣ በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ መጀመሪያ ከሰፈሩት ዐሥራ ሁለት ሥፍራዎች አንዱ ሆነ። አንግኮር የተመዘገበችው ከዚያ ዐሥራ አራት ዓመት ዘግይታ፣ በ1992 ነው። ስንጥቁ ግን በመመዝገብ አልቆመም።

በ2008 በአውሮጳ ኅብረት ገንዘብ፣ አምስት አብያተ ክርስቲያናትን የሚሸፍኑ አራት ግዙፍ መጠለያዎች በብረት ምሰሶ ላይ ቆሙ። ሐሳቡ ዐለቱ ከዝናብ ተርፎ እስኪጠገን ድረስ ለጊዜው እንዲጠለል ነበር። ጊዜው ሲረዝም ግን ነዋሪዎቹ መጠለያው ራሱ በነፋስ እየተነቃነቀ ወድቆ እንዳይሰብራቸው፣ ክብደቱም ዐለቱን እንዳይጎዳው መሥጋት ጀመሩ። በ2018 ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ መጠለያው እንዲነሣና ጥገናው እንዲፋጠን ጠየቀ። በ2019 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኤማኑኤል ማክሮን ላሊበላን ጎብኝተው አገራቸው በጥገናው እንደምትረዳ ቃል ገቡ። ነገሩ ቀላል አይደለም። መጠለያው ሲነሣ ዝናቡ ይመለሳል፤ መጠለያው ሲቆይም የማይረግበው ዐለት ከመጠን በላይ ደርቆ ሌላ ዓይነት ጉዳት እንዳያገኘው የሚፈሩ ባለሙያዎች አሉ። የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ደግሞ ሌላ ነገር ይላሉ፤ ሰማይ ሊታይበት በተሠራ ቅጽር ውስጥ የብረት ጣሪያ ሥር ቆሞ ማኅሌት መቆም ይከብዳል። ሦስቱም እውነት አላቸው፤ ለዚህም ነው ክርክሩ ረጅም ጊዜ የወሰደው። በአንግኮርም ተመሳሳይ ሥጋት አለ። ቤተ መቅደሶቹ የቆሙት ውሃ ባዘለ አሸዋ ላይ ስለሆነ፣ በአጠገባቸው ያለችው የሲየም ሪፕ ከተማ ለእንግዶቿ ከከርሰ ምድር ብዙ ውሃ ስትስብ አሸዋው እንዳይሰጥም ይፈራል። በላስታ ውሃው በመብዛቱ፣ በአንግኮር በማነሱ ድንጋዩ ይታመማል።

በሦስተኛው ቀን ጉዞው ከከተማ ይወጣል። ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በመኪና መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ይህ ንጉሥ በዛጔ ነገሥታት ተራ ከላሊበላ በፊት የነበረ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም ከዐለት የተፈለፈለ ሳይሆን በትልቅ ዋሻ ውስጥ የተገነባ ነው። ጥቁር እንጨትና በኖራ የነጣ ድንጋይ እየተፈራረቁ ተደርድረዋል። በቤተ አማኑኤል ግድግዳ ላይ በድንጋይ የተመሰለውን ነገር እንግዳው እዚህ በራሱ በእንጨቱ ያየዋል። አስጎብኚዎች ሁለቱን በተከታታይ ቀን የሚያሳዩት ስለዚህ ነው፤ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠበት ጎብኚ ግማሹን ትምህርት ያጣል። ከሕንጻው በስተጀርባ በዋሻው ጨለማ ውስጥ የብዙ ሰዎች ዐፅም ተከምሯል፤ በዚያ ሊያርፉ ከሩቅ የመጡ ምእመናን ናቸው ይባላል። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ውሃ እንዳለ፣ ወለሉም በእንጨት ርብራብ ላይ እንደ ተነጠፈ ካህናቱ ይናገራሉ።

ከዋሻው ፊት ያለው ደን ግን ከሕንጻው ባላነሰ ሊታይ የሚገባው ነው። ጥድና ወይራ ተደጋግፈው ቆመዋል፤ ጦጣና ልዩ ልዩ አእዋፍ ይጫጫሉ። ከዚያ ወጣ ሲሉ ተራራው ራቁቱን ነው። የላስታ ገበሬ እርሻ ፍለጋ ገደል ለገደል ሲወጣ ዛፉ አልቋል፤ የቀረው የቤተ ክርስቲያን ዛፍ መቁረጥ ነውር ስለሆነ ብቻ ነው። ጎብኚው በላስታ ቀድሞ ምን ይበቅል እንደ ነበር ለማወቅ ቢሻ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለችውን ጥቂት ጥላ መመልከት ይበቃዋል። በመመለሻው መንገድ ላይ ብዙዎች ነአኩቶ ለአብን ይሳለማሉ። እርሱም የዋሻ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ከዋሻው ጣሪያ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ በድንጋይ ገበታ እየተጠራቀመ ጠበል ይሆናል።

አራተኛው ቀን የእግር ጉዞ ነው። ጓዝ በበቅሎና በአህያ ይጫናል፤ መንገዱ ከከተማው በላይ ወዳለችው ወደ አሸተን ማርያም ይወጣል። ዳገቱ ለለመደው ሰው ቀላል ነው፤ ከቆላ ለመጣ ሰው ግን ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ላሊበላ ራሷ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለችና። ከአሸተን በላይ ጤፉና ማሽላው ቀርቶ ገብስ ይጀምራል። ገብሱም ሲያበቃ አስታ፣ ከዚያም ጓሳና ጅብራ ይከተላሉ። የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። ጅብራ እንግዳን የሚያስገርም ተክል ነው፤ ለብዙ ዓመታት እንደ ትልቅ ጎመን ተቀምጦ ይኖርና አንድ ቀን ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ዘንግ ይሰድዳል፤ አብቦ ዘሩን ከበተነ በኋላ ይሞታል። ሌሊት ውርጩ ሲመጣ ቅጠሎቹን አጥፎ እምቡጡን ይከድናል።

በገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች በመንጋ ሆነው ሣር ሲነጩ ይውላሉ። ጭላዳ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ሲሆን፣ ከዝንጀሮ ወገን ሣርን ዋና ምግቡ ያደረገ እርሱ ነው። ሲመሽ ነብርና ጅብ እንዳይደርስበት ወደ ገደሉ ወርዶ በጠባብ እርከን ላይ ያድራል። ዕድለኛ የሆነ ደግሞ ጧት ማለዳ ቀይ ቀበሮ በጓሳው መካከል ጆሮውን አቁሞ አይጥ ሲያደባ ያያል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለም፤ ቁጥሩም ከጥቂት መቶዎች አይበልጥም፤ በአቡነ ዮሴፍ ያሉትም ጥቂት ናቸው። ጠላቱ ጠመንጃ ሳይሆን የእርሻው ወደ ላይ መውጣትና ከመንደር ውሻ የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ገበሬውን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ታች ያለው መሬት በጎርፍ ታጥቦ ካለቀ ወዴት ይሂድ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆን የታሰበ አንድ ሙከራ በእነዚሁ ተራሮች ተጀምሯል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በመቄት፣ ኋላም በላስታ ደጋዎች፣ የገበሬ ማኅበረሰቦች በአፋፉ ላይ የእንግዳ ጎጆዎች ሠርተው በእግር የሚጓዙ ጎብኚዎችን ይቀበላሉ። እንጀራው፣ ገብስ ቆሎው፣ በሶውና ጠላው ከዚያው ቤት ነው፤ ጫኙም፣ አብሳዩም፣ መንገድ መሪውም የመንደሩ ሰው ነው። ገቢው ለማኅበረሰቡ ስለሚገባ፣ ጓሳውና ጭላዳው ቆመው ሲታዩ ታርሰው ከሚያስገኙት ይልቅ ለመንደሩ ሊጠቅሙ ይችላሉ። ሙከራው መልካም ነው፤ ነገር ግን በእንግዳ መምጣት ላይ የተመሠረተ ነው። በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ እንግዳውን አስቀረ። በዚያው ዓመት ኅዳር በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ተነሣ፤ በነሐሴ 2021 ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ፤ ከተማይቱም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ቆየች። በ2023 በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትም መንገዱን ዳግመኛ ዘጋ። በእነዚህ ዓመታት ሆቴሎች ተዘጉ፤ አስጎብኚው ወደ ሌላ ሥራ ሄደ፤ በቅሎ አከራዩ በቅሎውን ሸጠ። ካህናቱ ግን በየዕለቱ ቅዳሴያቸውን አላቋረጡም።

በመጨረሻው ቀን ጎብኚዎች ፀሐይ ሳትወጣ ወደ ተራራው ጫፍ ይወጣሉ። ከዚያ ቁልቁል ሲታይ ከጓሳው ሥር የሚመነጩት ቀጫጭን ምንጮች ወደ ታች ሲወርዱ ይለያሉ። ጓሳው የክረምቱን ዝናብ እንደ ስፖንጅ ይዞ በበጋ ቀስ በቀስ ይለቀዋል፤ የታችኛው መንደር ገብሱን የሚያጠጣው በዚህ ነው። በቤተ ማርያም ኩሬ ያለው፣ በነአኩቶ ለአብ ገበታ የሚንጠባጠበው፣ በቤተ ጊዮርጊስ አሸንዳ የሚወርደውም ዘመዱ ነው። የላስታ ምንጮች ተሰባስበው ወደ ተከዜ ይገባሉ። ተከዜ ወደ ሱዳን ተሻግሮ አትባራ ተብሎ ከዓባይ ጋር ይገናኛል። በዚያ ስፍራ የሚያልፈው ዓባይ፣ ከደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ከጁባ ሥር ባሕረል ጀበል ተብሎ ያለፈው ነጭ ዓባይና ከጣና የተነሣው ጥቁር ዓባይ ካርቱም ላይ ተቀላቅለው የሠሩት ነው። የጁባ ልጅ በወንዙ ዳር ቆሞ የሚያየው ውሃና ከአቡነ ዮሴፍ ጓሳ ሥር የሚመነጨው ውሃ የሚተዋወቁት፣ ሁለቱም ብዙ አገር አቋርጠው፣ አትባራ ላይ ነው። ፀሐይዋ ስትወጣ ጭላዳዎቹ ከገደሉ እየተንጠላጠሉ ይወጣሉ፤ አስጎብኚውም ጭነቱን አስሮ ወደ ላሊበላ መውረድ ይጀምራል።